የዶሮዎቻችሁን ውሃ ንብ ሲወርረው፦ ሳትገድሉ፣ ሳትነደፉ ቦታ ማስቀየሪያ መንገድ

በልጉ በዘገየ ቁጥር ስልኬ የሚያመጣው ጥያቄ አንድ ዓይነት ነው፦ «ንብ የዶሮዎቼን ውሃ ወረረው። ዶሮዎቹ ቀርበው አይጠጡም። ምን ላድርግ?» ከሐይቅም፣ ከኮምቦልቻም፣ ከመርሳም ይደወላል። በስልክ ሳስረዳ አንዱ ደረጃ እየተዘለለ ሥራው ስለሚበላሽ ይኸው ሁሉንም በተራው ጻፍኩት። ተራውን አትለውጡ። ከዚህ ሁሉ አንዱን ብቻ የምትይዙ ከሆነም ይህን ያዙ፦ ለንቡ ውሃ ሳታዘጋጁ የዶሮውን ውሃ አትዝጉ።

ንቡ ለምን እንደሚመጣ

ንብ ውሃ የምትቀዳው ለራሷ ጥም ብቻ አይደለም። ቀፎው ሲሞቅ ውሃውን በማር እንጀራው ላይ በስሱ ታዳርሰውና በክንፏ ታራግበዋለች፤ ቀፎው የሚቀዘቅዘው በዚህ ነው። የጠጠረ ማር ለማቅጠንና እጮቿን ለመመገብም ውሃ ያስፈልጋታል። በሞቃት ቀን አንድ ብርቱ ቀፎ አንድ ሊትር፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ሊያስገባ ይችላል። አንዷ ንብ በአንድ ጉዞ የምትሸከመው ቢበዛ 50 ሚሊ ግራም ገደማ ስለሆነ፣ አንድ ሊትር ማለት ቢያንስ 20 ሺህ ምልልስ ነው። ሳፋው ላይ የምታዩት ግርግር የሚመጣው ከዚህ ነው።

ውሃ ላይ ያለች ንብ ቀፎዋን እየጠበቀች ስላልሆነ ለመንደፍ አትቸኩልም። ትንሽ ራቅ ብላችሁ ቁጭ በሉና እዩአት። ጠርዙ ላይ ትቆማለች፣ ምላሷን ትዘረጋለች፣ ሆዷ ሰብሰብ ዘርጋ እያለ ትስባለች፤ ደቂቃ ያህል ቆይታ ከብዷት ትነሳለች። የምትነድፈው ስትጨፈለቅ ነው፤ ዶሮዋ ምንቃሯን ስትነክር ወይም ልጅ እጁን ሲያስገባ። አንዴ ምላሷን የተነደፈች ዶሮ ደግሞ ራሷን እያራገፈች ትሸሻለች፣ ከዚያ በኋላ ወደዚያ ሳፋ ለመቅረብ ትፈራለች።

የሐይቅ ሰዎች «ይህን የሚያክል ሐይቅ ትተው የኔን ሳፋ ምን አስመኛቸው?» ይሉኛል። ንብ ውሃን በአብዛኛው የምታገኘው በማሽተት ነው። ከጥሩ ውሃ ይልቅ አረንጓዴ ያበቀለ፣ ኩስ የነካው፣ ጨው ጨው የሚል፣ ፀሐይ ለብ ያደረገው ውሃ ይስባታል። ሳትሰምጥ የምትቆምበት፣ ማዕበል የማይመታው ዳርም ትፈልጋለች። ፀሐይ ላይ የዋለ የዶሮ ሳፋ ይህን ሁሉ አሟልቶ ይጠብቃታል። ቦታውን ከለመደችው በኋላ በየቀኑ ትመለሳለች፤ ቀፎ ውስጥ በምታሳየው ውዝዋዜም እህቶቿን ትመራበታለች።

የዶሮ ፍላጎት ተቃራኒው ነው፤ ጥላ፣ ቀዝቃዛ፣ ንጹሕ። ከታች ያለው ሥራ ሁሉ የቆመው በዚህ ልዩነት ላይ ነው።

ነገሩን ለነገ አትበሉት። አንድ ዶሮ በቀን ከ200 እስከ 250 ሚሊ ሊትር ትጠጣለች፣ ሙቀት ሲበረታ እስከ እጥፍ ይደርሳል። የእንቁላል ሦስት አራተኛው ውሃ ነውና ውሃ የፈራች ዶሮ መጀመሪያ የምትቀንሰው እንቁላሏን ነው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

ለንቡ፦
- ዝርግ ሳፋ ወይም ከአሮጌ ጎማ የተቆረጠ ገንዳ፤ ጥልቀቱ ከ5 እስከ 8 ሳንቲ ሜትር ይበቃል
- ገል፤ የተሰበረ ምጣድ ወይም ገንቦ ስብርባሪ
- ጠጠርና አራት አምስት የበቆሎ ቆረቆንዳ፣ ከሌለ የማሽላ አገዳ ቁራጭ
- የአሮጌ ቃጫ ጆንያ ቁራጭ (ፕላስቲኩ ማዳበሪያ ውሃ አይመጥም)
- አንድ የሻይ ማንኪያ የገበታ ጨው
- አፉ ሰፊ፣ ሽመናው ክፍት የሆነ ቅርጫት ወይም የዶሮ ሽቦ

ለዶሮው፦
- የ20 ሊትር ጀሪካን፣ ወይም ክዳን ያለው ባልዲና የዶሮ ኒፕል (ዶሮዋ በምንቃሯ ስትነካው ውሃ የሚያወጣ ትንሽ ጡት መሰል ዕቃ)
- ስለታም ቢላና ሻማ
- ሁለት ባዶ ማዳበሪያ፣ ለመጋረጃ

ለራሳችሁ፦ ነጣ ያለ፣ እጅጌው ረጅም ልብስ። ጥቁርና ሱፍ ነክ ልብስ ንብን ያስቆጣል፤ ሽቶና የላብ ጠረንም እንዲሁ።

አሠራሩ

1. ምን እንደሆነና ከየት እንደመጣ እዩ።

ተርብ ከሆነ ይህ መመሪያ አይሠራም። ተርብ ወገቧ ቀጭን ነው፣ ሰውነቷ የሚያብለጨልጭና ጸጉር አልባ ነው፣ ሥጋም ታነሳለች። ንብ ጸጉራም ናት፣ ውሃውን ጠጥታም ቀጥ ባለ መስመር ወደ ቀፎዋ ትሄዳለች። ያንን መስመር በዓይናችሁ ተከተሉ። ብዙ ጊዜ የሚያደርሳችሁ ከአንድ ጎረቤት ጓሮ ነው።

ለመክሰስ ሳይሆን ለመስማማት ወደ ባለቤቱ ሂዱ። እኔ ሽማግሌ ጎረቤቴን ያልኳቸው እንዲህ ነው፦ «አያ፣ ንብዎ ዶሮዎቼ ጋ ውሃ ሊቀዳ እየመጣ ነው። ለብቻው ውሃ ላዘጋጅለት ነው። እርስዎም ማር ሲቆርጡ ከዋዜማው ይንገሩኝ።» ይህ ለምን ይጠቅማል? ማር በተቆረጠበት ማታና በማግስቱ ንቡ ይቆጣል፤ ያን ቀን ዶሮዎቹ ተዘግተው መዋል አለባቸው። እሳቸውም እስካሁን ሳይነግሩኝ ቆርጠው አያውቁም።

ንቡ የሰፈረው በራሳችሁ ጣራ ወይም ግድግዳ ውስጥ ከሆነ ግን ውሃ ማዘጋጀቱ ብቻ አይፈታውም። ልምድ ያለው ንብ አናቢ ጥሩ፣ ሥራውም ማታ ይሁን።

2. ጣፋጭና ዱቄት ነገር ከግቢው አንሱ።

ውሃ ፈልጋ የመጣች ንብ ጣፋጭ ካገኘች ቁጥሯ በአንድ ቀን ብዙ እጥፍ ይሆናል። ለዶሮ የተደፋ የጠላ አተላ፣ የቀሪቦ ገንቦ እጣቢ፣ የብርዝ ዕቃ፣ የሸንኮራ ምጣጭ ሁሉ ይጠራታል። ብዙ ሰው የሚስተው ደግሞ የጫጩት ስኳር ውሃ ነው። የ45 ቀን ጫጩት ሲገባ ከመንገድ ድካም እንዲያገግም ስኳር በጥብጦ መስጠት የተለመደ ነው፤ ስጡ፣ ግን ቤት ውስጥ በሩ ተዘግቶ፣ ለጥቂት ሰዓት ብቻ፣ ዕቃውም ወዲያው ይታጠብ። በውሃ የሚበጠበጥ ቫይታሚንም ጣፋጭ ሊሆን ስለሚችል በዚሁ ጥንቃቄ ይሰጥ።

አበባ በጠፋበት ወራት ንብ ከዶሮ መኖ ላይ ደቃቁን ዱቄት እንደ አበባ ዱቄት እግሯ ላይ ለጥፋ ትወስዳለች። መኖው ላይ ንብ ካያችሁ በውሃ ረጠብ አድርጋችሁ፣ በአንድ ጊዜ የሚያልቀውን ያህል ብቻ አቅርቡ።

3. የንቡን ውሃ አዘጋጁ።

ሳፋውን በገልና በጠጠር ሙሉት፤ ድንጋዩ ከውሃው በላይ ብቅ ይበል። ቆረቆንዳውን ወይም አገዳውን በመሃል አንሳፉ፤ ውሃ ስለሚመጥ ንቧ እግሯ ሳይርስ ከላዩ ትስባለች። ጆንያውን አንዱ ጫፍ ውሃው ውስጥ፣ ሌላው ጠርዙ ላይ እንዲያርፍ ዘርጉት። ገል የመረጥኩት በምክንያት ነው፤ ሸክላ ውሃ ይመጥና ቀኑን ሙሉ ላዩ እርጥብ ሆኖ ይቆያል፣ ፀሐይም ቶሎ ያሞቀዋል፣ እንደ ፕላስቲክም አያንሸራትትም። ንቦች ከሳፋው ሁሉ መርጠው በመጀመሪያ የሚሰለፉት የምጣድ ስባሪው ላይ እንደሆነ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ።

በ5 ሊትር ውሃ አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው ጨምሩ። ከዚያም ንቡ እስካሁን ከሚጠጣበት የዶሮ ሳፋ አንድ ጣሳ አሮጌ ውሃና አረንጓዴ ያበቀለ ጠጠር አምጥታችሁ ጨምሩበት። የሚያውቀው ሽታ ቶሎ ይስበዋል። ስኳር እንዳትጨምሩ። አንዳንዶች ለማስለመድ ይመክሩታል፣ እኔ አልመክርም፤ የማትፈልጉትን ሌላ ቀፎ ሁሉ ይጠራባችኋል፣ ንቡም እርስ በርሱ ሊሻማና ሊጣላ ይችላል።

4. ከዶሮው ውሃ አጠገብ፣ ፀሐይ ላይ አስቀምጡት።

ማታ ከመሸ በኋላ ወይም ጎህ ሳይቀድ አስቀምጡት፤ ያን ጊዜ ንብ አይወጣም። ሰፊ ቀዳዳ ያለውን ቅርጫት ድፉበት ወይም በሽቦ ክበቡት። ንብ በቀዳዳው ትገባለች፣ ዶሮ ግን አትደርስም። ጨው ያለው ውሃ ለዶሮ፣ በተለይ ለጫጩት አይሆንም።

ከዚያ ጠብቁ። አንዳንዱ ግቢ በሁለተኛው ቀን፣ አንዳንዱ በአምስተኛው ይለምዳል። በቀትር ቁጠሩ፤ በአዲሱ ሳፋ ላይ ያሉት ንቦች ከዶሮው ሳፋ ላይ ካሉት ሲበልጡ ወደ ቀጣዩ እለፉ። ካልበለጡ አትለፉ።

5. አሁን የዶሮውን ውሃ ለውጡ።

ይህንንም በጨለማ ሥሩት። ክፍቱን ሳፋ አንሱ፣ አጥባችሁ ከዓይን አርቁት፣ የነበረበትን እርጥብ አፈርም በደረቅ አመድ ሸፍኑ። በምትኩ ከሁለት አንዱን አድርጉ።

የጀሪካኑ መንገድ፦ በ20 ሊትር ጀሪካን ጎን ላይ፣ ከታች 10 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብሎ፣ የዶሮ ራስ የሚያስገባ 7 ሳንቲ ሜትር ያህል ስፋት ያለው ክብ ቀዳዳ ቁረጡ። ራሱ ትልቅ አውራ ዶሮ ካላችሁ ትንሽ ይስፋ። ቢላውን በሻማ አሙቁና ጠርዙን አለስልሱት፣ አለዚያ አንገቷን ይቆርጣታል። ውሃው ከቀዳዳው ሦስት አራት ጣት ዝቅ ብሎ ይቁም። ውስጡ ጨለማና ቀዝቃዛ ስለሆነ ንብ መግባት አትወድም፣ ዶሮ ግን አንዴ ካየች ትለምደዋለች።

የኒፕሉ መንገድ፦ ክዳን ባለው ባልዲ ሥር ኒፕል ግጠሙና ዶሮዋ አንገቷን ወደ ላይ ቀና አድርጋ በምትደርስበት ቁመት ስቀሉ። ለ8 ዶሮ አንድ ኒፕል ቢበቃም ሁለት ይሁን፤ አንዱ ሲደፈን ሌላው ያተርፋቸዋል። የሚያንጠባጥብ ኒፕል ከክፍት ሳፋ አይሻልም፤ ንብ ጠብታዋን እየተከተለች ትልሳለች። ከሥሩ ደረቅ ወረቀት አንጥፉና ከሰዓት በኋላ እዩት፤ ከረጠበ አጥብቁት።

ዶሮዎቹ አዲሱን ዕቃ እስኪለምዱ ማታ ማታ ሲገቡ ቤት ውስጥ በሳህን ውሃ ጨምሩላቸው። ንብ በዚያ ሰዓት የለምና ጠግበው ያድራሉ። ውሃ ሳይጠጡ የዋሉ እንደሆነ እንዲለምዱ ብላችሁ በጥም አትቅጧቸው።

6. የዶሮውን ውሃ ወደ ጥላ አስገቡ፣ መጋረጃ አድርጉለት።

ዕቃው ዶሮ ቤት ውስጥ ወይም ቀትር ፀሐይ በማይደርስበት ዳስ ሥር ይሁን። ማዳበሪያውን አራት ጣት ስፋት ባለው ቁራጭ ሸንሽናችሁ መግቢያው ላይ ስቀሉ። ዶሮ ገፍታ ታልፋለች፤ በብርሃን ስትበር የነበረች ንብ ግን ወደሚወዛወዝና ወደ ጨለመ ነገር መግባት አትወድም። ውሃውን በየቀኑ ቀይሩ፣ ዕቃውን በቡሩሽ እሹት። ንጹሕ ውሃ ሽታ የለውምና ንብ አይጠራም።

7. የንቡን ሳፋ ቀስ በቀስ አርቁት።

በየማታው አንድ ወይም ሁለት ሜትር ብቻ አንቀሳቅሱ። በአንድ ጊዜ ጓሮ ድረስ ከወሰዳችሁት ንቡ ጠዋት የሚመጣው ወደ ድሮው ቦታ ነው። ከዶሮው ቤት 15 ሜትር ያህል ሲርቅ አቁሙት። መድረሻው ፀሐይ የሚያገኝ፣ ልጆች የማይጫወቱበት፣ አህያም ሆነ በግ የማይታሰርበት ይሁን። ከቀፎው ፊት ለፊት፣ ንቡ ከሚነሳበት መስመር ሥርም አይሁን፤ ንብ እየበረረች ስለምትጥል ኩሷ ውሃው ውስጥ ይወድቃል፣ በሽታም በዚያ ይተላለፋል።

8. አንድ ቀን እንኳ አታድርቁት።

ደርቆ ካገኘችው በማግስቱ ዶሮው ውሃ ላይ ናት፣ ሥራው ሁሉ ከደረጃ 4 ይጀምራል። ጠዋት ጠዋት ሙሉት፤ በከሚሴና በኮምቦልቻ ሙቀት ከሰዓትም ማየት ያስፈልጋል። ገሉንና ጆንያውን በሳሙና አትጠቡ፣ አረንጓዴውም ይቆይ፤ ንቡን የያዘው ያ ሽታ ነው። ነገር ግን በየ4 ወይም በየ5 ቀኑ ውሃውን ጨርሳችሁ ድፉና እንደገና ሙሉ። የቆመ ውሃ ሳምንት ካለፈው ትንኝ ይፈለፈልበታል፣ ቆላና ወይና ደጋ ላለን ሰዎች ወባ ቀላል ነገር አይደለም። የሚደፋው ጨዋማ ስለሆነ ከአትክልት ራቅ አድርጉት።

ስለ ክትባት አንድ ነገር

የፈንግል ክትባት በውሃ የምትሰጡ ከሆነ ንብ በሚመጣበት ሰዓት አትስጡ። ክትባቱ ከተበጠበጠ በሁለት ሰዓት ውስጥ ተጠጥቶ ማለቅ አለበት፤ ዶሮዎቹ ንብ ፈርተው ከቆሙ መጠኑን ሳያገኙ ይቀራሉ፣ እናንተም ተከትበዋል ብላችሁ ትቀመጣላችሁ። ጎህ ሲቀድ 12 ሰዓት ላይ ስጡ። ደሴና ኩታበር ጠዋቱ ብርድ ስለሆነ ንቡ ዘግይቶ ይወጣልና ሰፋ ያለ ጊዜ አላችሁ፤ ቆላው ላይ ግን ፈጠን በሉ።

ማስጠንቀቂያ

- መርዝ፣ ነጭ ጋዝ፣ የሳሙና ውሃ አታድርጉ። መርዝ የነካት ንብ ቀፎዋ ድረስ ይዛው ትሄዳለች፤ የጎረቤታችሁ ንብ ያልቃል፣ ማሩ ይበከላል፣ የሞተችውን ንብ የለቀመች ዶሮም እንቁላሏ ወደ ልጆቻችሁ ገበታ ይመጣል።
- ውሃው ላይ ያለ ንብ በቅጠል አትምቱ፣ አትጨፍልቁ። የነደፈች ንብ የምትለቀው፣ የበሰለ ሙዝ የመሰለ ሽታ ሌሎቹን ለመንደፍ ይጠራል።
- በጢስ አባርራለሁ አትበሉ። ጢሱ ሲበርድ ይመለሳል፤ በሣር ክዳን ሥር ደግሞ እሳቱ ከንቡ የባሰ ነው።
- የተነደፈ ሰው መንደፊያውን ወዲያው በጥፍር ጠርጎ ያውጣ። መንደፊያው ተነቅሎ ከቀረ በኋላም መርዝ መልቀቁን አያቆምም፤ ስለዚህ ፍጥነቱ ነው የሚጠቅመው። ከንፈርና ምላስ ካበጠ፣ ትንፋሽ ካጠረ፣ ማስመለስ ወይም ራስ መሳት ከመጣ፣ ወይም ብዙ ቦታ ከተነደፈ ሳትውሉ ወደ ጤና ጣቢያ።
- ንቡ በጅምላ ከተነሳ ፊታችሁን በነጠላ ሸፍናችሁ ቤት ግቡና ዝጉ። የታሰረ እንስሳ አጠገብ ካለ ገመዱን ልቀቁለት፤ ታስሮ የተነደፈ አህያ አይተርፍም። ዶሮዎቹን ከተዘጋ ጨለማ ቤት አስገቡ።

ብዙ ጊዜ የሚሠሩ ስህተቶች

ዋናው ተራውን መገልበጥ ነው። እኔም አድርጌዋለሁ። አንድ የሚያዝያ ጠዋት የዶሮውን ሳፋ አንስቼ ጀሪካን ሰቀልኩ፣ ለንቡ ግን ምንም አላስቀመጥኩም። ቀትር ላይ ንቡ የልብስ ማጠቢያውን፣ የተሰጣውን እርጥብ ጋቢና ሲኒ የታጠበበትን ውሃ ወረሰው። ቡና ተፈልቶ ሁለተኛው ሳይቀዳ የእህቴ ልጅ ሲኒ ስታነሳ ጠርዙ ላይ የነበረችው ንብ ከንፈሯን ነደፈቻት። የሦስት ዓመት ልጅ ናት፤ ፊቷ እስኪመለስ ሁለት ቀን አልተኛሁም። ንቡ ክፉ ሆኖ አይደለም፤ ውሃውን ስወስድበት ሌላ ፈለገ።

ሌሎቹን ባጭሩ፦

የንቡን ሳፋ ጥላ ሥር ማስቀመጥ። ቀዝቃዛ ውሃ አትወድም።

ጠጠር ሳያደርጉ ጥልቅ ባልዲ ማስቀመጥ። ንቡ ሰምጦ ያልቃል፣ የተረፈውም ወደ ዶሮው ይመለሳል።

በየቀኑ አጥቦ ማብረቅረቅ። ይህ ለዶሮው ዕቃ ነው እንጂ ለንቡ አይደለም።

ቧንቧ እያንጠባጠበ መተው። እርጥብ ጭቃም ለንብ ውሃ ነው፤ ጎሚኒውን ቀይሩ።

በሦስተኛው ቀን ተስፋ ቆርጦ መርዝ መፈለግ። ውሃ ቀጂዎቹ የዶሮውን ሳፋ የለመዱት በሳምንታት ነው፤ እስከ ሁለት ሳምንት ታገሡ። ጥቂት ንቦች ብቻቸውን ወደ ዶሮው ውሃ መምጣታቸው አይቀርም፣ ዶሮዎቹ እየጠጡ ከሆነ ተዉአቸው።

መቼ ልጀምር ለምትሉ፦ ንቡ ሳይለምድ መቅደም ከሁሉ ይቀላል። አደይ አበባው ረግፎ ምንጮች መቀነስ ሲጀምሩ፣ ከኅዳር መጨረሻ ጀምሮ የንቡን ሳፋ በመጨረሻ ቦታው አስቀምጡ። ያኔ ከደረጃ 4 እስከ 7 ያለው ድካም አያስፈልጋችሁም። ሐምሌ ዝናቡ ሲጠናከር ንቡ ከየቅጠሉ ውሃ ስለሚያገኝ ሳፋውን ደፍታችሁ አስቀምጡት፤ ገሉን ግን አትጣሉት፣ ሽታውን እንደያዘ ለከርሞ ያገለግላል።